ሐረጋችሁን የወረረው ስኬል፦ መቼ፣ በምንና እንዴት ይጠፋል

ሐረጉ ሥር ያለው ወንበር ሲነኩት ይጣበቃል። ቅጠሉ ጥላሸት የተነፋበት ይመስላል። ጉንዳኖች ግንዱን ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ቅጠል እየገለበጣችሁ ብትፈልጉ ግን አንድም የሚንቀሳቀስ ተባይ አታገኙም። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ስኬል ሳይገባባችሁ አልቀረም።

ስኬል ነፍሳት ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን አንድ ቦታ ተጣብቆ ስለሚኖር ግን ነፍሳት አይመስልም። ቀጭን አፉን ተክሉ ውስጥ ሰክቶ ፈሳሹን ይመጠምጣል። በላዩ ሰም ወይም ቅርፊት ይለብሳል። ብዙ ሰው የግንዱ እብጠት ወይም የቅጠሉ ጠባሳ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሲነቃ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀምሯል።

ግቢ ውስጥ ከሚተከሉ ሐረጎች የማይነካው የለም ማለት ይቀላል። ፓሽን ፍሩት፣ አይቪ፣ ጃስሚን፣ ቡገንቪሊያ፣ ወይን፣ አጥር ላይ የሚወጣው ጽጌረዳ፣ ሁሉም ላይ ይገባል። ሐረግ በተለይ ይመቸዋል። ቅጠሉ እርስ በርሱ ይደራረባል፤ ወደ ግድግዳው የዞረውን ጎን ደግሞ ዝናብም ሰውም አያገኘውም።

ማጥፋት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው መድኃኒት አጥቶ ሳይሆን ጊዜው ስላልገጠመለት ነው። ቅርፊቱን ለብሶ የተቀመጠው ትልቁ ስኬል የምትረጩበትን ነገር እምብዛም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በርጭት የሚሞተው ገና ከእናቱ ሥር የወጣው፣ ቅርፊት ያልለበሰው ግልገል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ትልልቆቹን በእጅ ማንሳት፣ ግልገሎቹን ጠብቆ መርጨት።

1. መጀመሪያ ስኬል መሆኑን አረጋግጡ

በጥፍራችሁ ጫፍ አንዱን ጉብታ ከጎኑ ገፋ አድርጉት። ብድግ ብሎ ከተላቀቀና ከሥሩ ያለው የግንዱ ቆዳ ደህና ከሆነ ስኬል ነው። ካልተላቀቀ የተክሉ የራሱ አካል ነው፤ ተዉት።

የተላቀቀውን ገልብጡና በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። በሕይወት ያለ ከሆነ ሆዱ እርጥብ ነው፤ ስትጫኑት ፈሳሽ ይወጣዋል። የሞተው ደረቅ ነው፣ ይፈረፈራል። እናትየዋ እንቁላል ጥላ ከሆነ ሰውነቷ ተኮማትሮ ከሥሯ ያለው ቦታ ሁሉ በደቃቅ እንቁላል ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። በዓይን ሲታይ ዱቄት ነው የሚመስለው። አንዲት እናት እንደ ዝርያዋ ከጥቂት አሥርት ጀምሮ እስከ አንድ ሺህና ከዚያም በላይ እንቁላል ትጥላለች። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመራባት ወንድ እንኳ አያስፈልጋቸውም። «ሦስት አራት ብቻ ናቸው፣ ይቅር» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። ለይቶ ማወቁ በኋላ ሥራ ይቀንስላችኋል።

ለስላሳው ስኬል ጎበጥ ያለ፣ ቡናማ ወይም ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የወጣት ግንድና የቅጠል ጀርባ፣ በተለይ መሐል ጅማቱን፣ ይወዳል። ከተክሉ የመጠመጠውን ስኳር መልሶ ያንጠባጥባል። ወንበሩን ያጣበቀው እሱ ነው። ጥቁሩ ጥላሸት በዚያ ስኳር ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ሻጋታው ቅጠሉን አይበላውም፣ ግን ብርሃን ይጋርደዋል።

ጠንካራው ስኬል ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ነጭ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ይሆናል። የጽጌረዳ አሮጌ ግንድ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። ክዳኑ ከሰውነቱ የተለየ ስለሆነ ክዳኑን በመርፌ ብታነሱት ቢጫው ለስላሳ ገላ ከሥር ተቀምጦ ታዩታላችሁ። ጣፋጭ ፈሳሽ አያንጠባጥብም። ስለዚህ ጉንዳንም ጥላሸትም ባይኖር «ስኬል አይደለም» ብላችሁ አትዘናጉ።

ጥጥ የመሰለ ነገር የለበሰና ሲነኩት ቀስ ብሎ የሚራመድ ካያችሁ ሚሊባግ ነው። የቅርብ ዘመድ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ዘዴ ለእሱም ይሠራል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ማንጎ ላይ የተገኘውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ገበሬ ያስለቀሰው ነጭ ተባይ ጠንካራ ስኬል ነው። ትግራይ ውስጥ በለሱን ያደረቀው ኮቺኒልም የዚሁ ወገን ነው፤ እሱንማ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀይ ማቅለሚያ ብለን ራሳችን ነን ያስገባነው።

2. ቁረጡ፣ ከዚያ ፈግፍጉ

ርጭት የቸኮለ ሰው ይህን ይዘላል። እኔ አንዱን ብቻ አድርጉ ብባል ግን ይህንን ነበር የምመርጠው።

መጀመሪያ በጣም የተጎዱትን ቅርንጫፎች ቁረጡ። የደረቀውን፣ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ ግንዱ የማይታየውን፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አየር ያጣውን አንሱ። ከአንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ ጊዜ ባትቆርጡ ይሻላል። ዓላማው ተባዩን መቀነስ ብቻ ሳይሆን መሐሉን ከፍቶ እጃችሁም ርጭቱም ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ቡገንቪሊያ ከሆነ ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ እሾሁ አይምርም።

የተቆረጠውን ግቢ ውስጥ አትከምሩት፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድም አትጣሉት። ግልገሎቹ ከሚደርቀው ቅርንጫፍ ወጥተው በነፋስ፣ በልብስ፣ በወፍ እግር ሳይቀር ሌላ ተክል ላይ ይደርሳሉ። ወዲያውኑ ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ከታችሁ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ካቆያችሁት በኋላ ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። መቀሱንም በአልኮል ጥረጉት።

የቀረውን ግንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ በሳሙና ውኃ ፈግፍጉ። ከላይ ወደ ታች ሂዱ። ግንዱ የሚገነጠልበትን ብብት፣ ሽቦው የታሰረበትን ቦታ፣ የአሮጌ ቅርፊት ስንጥቅ አትዝለሉ፤ መደበቂያቸው እዚያ ነው። ለወጣት ቀንበጥና ለቅጠል ብሩሹ ይከብደዋል፤ በጨርቅ ወይም በጣት ይበቃል። ግንዱ ሥር አሮጌ ጨርቅ ወይም ካርቶን አንጥፉ፤ የሚረግፈው አፈር ላይ እንዳይቀር።

ትልቅ ፐርጎላ (የሐረግ ዳስ) የሸፈነ ሐረግ ላይ ይህን ሙሉ በሙሉ ማድረግ አይቻልም። እጃችሁ የሚደርስበትን ዋና ግንድ ጨርሱ፤ ለቀሪው ውኃ ተጠቀሙ። በጎማ ጠንከር ያለ ውኃ ከታች ወደ ላይ፣ የቅጠሉን ጀርባ እየመታችሁ እጠቡ። ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቁ እንግዲህ።

3. የግልገሎቹን ጊዜ ያዙ

ግልገሎቹ ከእናታቸው ሥር ሲወጡ እግር አላቸው። ከጤፍ ቅንጣት ያንሳሉ። መልካቸው ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ሐመር ነው። ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴ ለአንድ ሁለት ቀን እየተራመዱ ቦታ ይመርጣሉ። ከዚያ አፋቸውን ይሰኩና ይቀመጣሉ። ጠንካራው ዓይነት ከተቀመጠ በኋላ እግሩንም ያጣል። ቅርፊታቸው እስኪጠነክር ያለው ጊዜ የእናንተ ነው።

በባዶ ዓይን ለማየት አስቸጋሪ ስለሆነ ወጥመድ ሥሩላቸው። ግልጽ ፕላስተር፣ ደብዳቤ የሚታሸግበት ዓይነት፣ የሚያጣብቀው ጎን ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጣችሁ በሕይወት ያሉ ስኬሎች አጠገብ ቀንበጡ ላይ አንድ ዙር ጠቅልሉ። ጫፉን አጥፉት፣ በኋላ ለመላጥ እንዲመች። ሦስት አራት ቦታ ላይ አድርጉ። በየሦስት አራት ቀኑ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፤ በየሳምንቱ ፕላስተሩን ቀይሩ።

መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ አቧራም ይጣበቃል። አቧራው መጠኑም ቅርጹም የተዘበራረቀ ነው። ግልገሎቹ ግን ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ሞላላ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ቁጥራቸው በድንገት ሲጨምር ያን ጊዜ ርጩ።

የውጭ አገር መመሪያ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። በረዷማ ክረምት ባለበት አገር ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ወቅት ጠብቀው ነው ግልገል የሚያወጡት። ስለዚህ «በዚህ ወር ርጩ» ማለት ይችላሉ። ቅዝቃዜ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ሌላም ዕድል አላችሁ፦ ቅጠሉን በሚያረግፍ ሐረግ ላይ በክረምቱ ማብቂያ፣ እምቡጥ ሳይፈነዳ፣ የተክል ዘይት ቢረጭ የተደበቀውን ያፍናል። አዲስ አበባ ላይ ግን ትውልዶቹ ይደራረባሉ። አንዷ ስታረጅ ሌላዋ ትወልዳለች። በሞቃት ቦታ አንድ ትውልድ በሁለት ወር ገደማ ያልቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። አንዴ ረጭቶ መገላገል የሌለው ለዚህ ነው።

ምርጫ ካላችሁ ዘመቻውን ጥቅምት ላይ ጀምሩ። የክረምቱ ዝናብ ብዙ ግልገል አጥቦ ቁጥራቸውን ቀንሶላችኋል። የምትረጩትም ዝናብ አያጥበውም። በጋውን ከዘለላችሁ ግን ደረቁና ሞቃቱ ወቅት ይረዳቸውና የካቲት ላይ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

4. ጉንዳኑን አስቁሙ

ጉንዳኑ ስኬሉን የሚበላ መስሏችሁ ደስ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ጣፋጩን ፈሳሽ ፈልጎ ነው የመጣው። ለዚያ ሲል ስኬሉን የሚበሉትን ነፍሳት ያባርራል። ጉንዳን ባለበት ሐረግ ላይ ስኬል ማጥፋት ቀዳዳ ባልዲ መሙላት ነው።

ዋናው ግንድ ላይ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፕላስተር ጠቅልሉና ፕላስተሩ ላይ ቫዝሊን ወፍራም አድርጋችሁ ቀቡ። በቀጥታ ግንዱ ላይ አትቀቡ፤ ቆዳውን ይጎዳል። አቧራ ሲሸፍነው ቀይሩት። ግንዱን እንዳያንቀው በየጥቂት ሳምንቱ ፈትታችሁ እሰሩ።

ሐረግ እንደ ዛፍ አይደለም፤ ግድግዳውም ሽቦውም ለጉንዳኑ ድልድይ ነው። ግድግዳውን የሚነኩትን ቅርንጫፎች ቁረጡ፤ ሽቦው ግድግዳው ላይ የተመታበትን ቦታም ቫዝሊን ቀቡ። አይቪን በመሰለ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሐረግ ግን ይህ አይሆንም። ያን ጊዜ ጉንዳኑን ከመነሻው ያዙት፦ 1 ሊትር ውኃ፣ 100 ግራም ስኳርና ከ5 እስከ 10 ግራም ቦሪክ አሲድ አሟሙታችሁ፣ ጥጥ ነክራችሁ፣ ክዳኑ በተበሳ ዕቃ ውስጥ መንገዳቸው ላይ አስቀምጡ። ቶሎ አይገድልም፤ ደግሞ እንዲያ ነው የሚፈለገው። ወደ ጎጆው ተሸክሞ ይሄዳል። ልጅና ውሻ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

5. ርጩ

ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ቤት ውስጥ ወይም ሰፈር ውስጥ ይገኛሉ።

የሳሙና ውኃ። 1 ሊትር ውኃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ላርጎ። ለ2 ሊትር ሃይላንድ 2 ማንኪያ ማለት ነው። ከዚህ አታወፍሩት፤ ቅጠል ያቃጥላል። ኦሞ አይሆንም። በረኪና ጭራሽ አታስቡት። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳሙናው አረፋ አልይዝ ይልና ይረጋል፤ የዝናብ ውኃ ካጠራቀማችሁ እሱ ይሻላል። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ እያለ ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ያለፈበት ቦታ ላይ የሚመጣውን ግልገል ምንም አያደርገውም።

የዘይትና የሳሙና ድብልቅ። 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ከ1 የሻይ ማንኪያ ላርጎ ጋር መጀመሪያ በደንብ አዋሕዱ። ነጣ ሲል 1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ዘይቱ የሚተነፍሱበትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከሳሙና ይልቅ ለጠንካራው ስኬል የሚበጀውም እሱ ነው። ፈሳሽ የሱፍ ዘይት ይሁን። የሚረጋው የፓልም ዘይት አዲስ አበባ ጠዋት ላይ መርጫው ውስጥ ረግቶ አፉን ይደፍነዋል። እየረጫችሁ በየደቂቃው ነቅንቁት፤ አለዚያ ዘይቱ ተንሳፍፎ የመጨረሻው ቅጠል ላይ ንጹሕ ዘይት ታፈሳላችሁ። ኒም ዘይት ካገኛችሁ በምግብ ዘይቱ ፋንታ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ መጠኑን ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ።

አልኮል። ፋርማሲ የሚሸጠው የ70 ፐርሰንቱ። ይህ ለትንሽ ነገር ነው፤ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ላለ ጃስሚን ወይም ሳሎን ውስጥ ለሚሳበው መኒ ፕላንት። ጥጥ ነክራችሁ እያንዳንዱን ስኬል ንኩት፤ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቃችሁ ጠርጉት። ሙሉ ተክል ላይ አትርጩት። ከሰል ወይም ሲጋራ አጠገብ አይሁን። አረቄ ይሆናል ወይ የሚል አይጠፋም፤ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ለሌላ ጉዳይ አስቀምጡት።

ከመርጨታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። የፓሽን ፍሩት ወጣት ቅጠል በተለይ ስስ ነው። ተክሉ የተጠማ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት አጠጡት፤ የጠወለገ ተክል ላይ ሳሙናም ዘይትም ይከፋል። የምትረጩበት ሰዓት ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን። ያበበ ሐረግ ከሆነ የማታውን ምረጡ፤ ንቦቹ ወደ ቤታቸው ገብተው ይሆናል። ወይን ላይ ነጭ ዱቄት ለሚመስለው ሻጋታ ድኝ ረጭታችሁ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ዘይት አታስጠጉ። ሁለቱ ሲገናኙ ቅጠሉን ያቃጥሉታል።

አረጫጨቱ ላይ ሰው ይሰንፋል። ከፊት ለፊት ቆሞ ፊት ለፊቱን ያርሳል፤ ስኬሉ ግን ያለው ከጀርባ ነው። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙሩና ከሥር ጀምሩ። የቅጠል ጀርባ፣ የግንዱ ወደ ግድግዳ የዞረው ጎን፣ የቀንበጡ ብብት። እስኪንጠባጠብ አርሱት። ያልነካው ቦታ ላይ ያለው ሁሉ ይተርፋል። የሳሙናውን ውኃ በነጋታው ጠዋት በንጹሕ ውኃ ብታለቀልቁት ለቅጠሉ ጥሩ ነው፤ የዘይቱን ተዉት።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቀቅሎ መርጨትም በየቦታው ይመከራል። ሽታ የሚያባርረው ሸሽቶ መሄድ የሚችለውን ነው፤ ስኬል ግን አፉን ሰክቶ ተቀምጧል። የትምባሆ ውኃ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል፤ ለሚረጨው ሰው መርዝ ነው።

6. ድገሙ፤ ግን እየፈተሻችሁ

በየ7 ወይም በየ10 ቀኑ፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ርጩ። በመሐል ያልተፈለፈለው እንቁላል ይፈለፈላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ርጭት የሚይዘው እሱን ነው። ዝናብ ወዲያው ከመታው ያ ርጭት አይቆጠርም።

ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ስኬል ሲሞት አይወድቅም። ባዶ ቅርፊቱ ለወራት እዚያው ተለጥፎ ሊቆይ ይችላል። «ስንት ጊዜ ረጭቼ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ሬሳ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ርጭት ሦስት አራት ቀን በኋላ ከተለያየ ቦታ ሃያ ያህል በጥፍር ጫን ጫን እያላችሁ ፈትሹ። አብዛኞቹ ደረቅ ከሆኑ እየሠራ ነው። እርጥቡ ከበዛ የረጫችሁበትን መንገድ መርምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው አልደረሰውም። ሌላው ምልክት አዲሱ ቀንበጥ ነው። አዲስ የወጣው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ አሸንፋችኋል፤ የድሮው ቅጠል ጥላሸቱ ባይለቅም አትጨነቁ።

ተክሉ ተጎዳ ብላችሁ ዩሪያ አታልብሱት። ናይትሮጅን የበዛበት ለስላሳ ቀንበጥ ለስኬል ድግስ ነው። በልክ ውኃና ትንሽ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃዋል።

ከሱቅ የሚገዛውን መድኃኒት በተመለከተ

«አንድ ጊዜ ረጭተህ የምትገላገለው» እየተባለ የሚሸጥ ብዙ አለ። ማላታዮንና መሰሎቹ ያገኙትን ነፍሳት ሁሉ ይገድላሉ። ስኬሉን ከቅርፊቱ ሥር ያልፉትና ጠላቱን ይጨርሱለታል። ከዚያ ስኬሉ ብቻውን፣ ያለ ሃይ ባይ ይራባል።

ይህ ግምት አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥጥ ለበስ የሆነ የስኬል ዘመድ የብርቱካን እርሻዎችን ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኮቤሌ የተባለ ባለሙያ ወደ አውስትራሊያ ተልኮ ያንን ተባይ የምትበላ ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ አገኘና ላከ። ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው የተላኩት። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እርሻው ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግን ገበሬዎች ዲዲቲ መርጨት ሲጀምሩ ጥንዚዛዋ አለቀች፤ ተባዩም ተመልሶ መጣ።

በሥር የሚጠጡ፣ ተክሉ ውስጥ የሚዘዋወሩ እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ለስላሳውን ስኬል ይይዛሉ፤ ጠንካራውን ግን ያን ያህል አይነኩም። አበባው ውስጥም ስለሚገቡ ለንብ አደገኛ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ውጭ ሜዳ ላይ እንዳይጠቀሙበት የከለከለው ለዚህ ነው። ፍሬውን የምትበሉት ፓሽን ፍሩትና ወይን ላይ አታድርጉት።

የማትነኳቸው እንግዶች

ከመርጨታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ ስኬሉን በካሜራ ደግማችሁ እዩት። ክዳኑ ላይ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ ቀዳዳ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። በዓይን እምብዛም የማትታይ ትንሽ ተርብ ውስጡ እንቁላል ጥላበት፣ ልጇ ስኬሉን ከውስጥ በልታ፣ ክዳኑን በስታ ወጥታለች። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከበዛ ርጭቱን አቆዩትና ጉንዳኑን ብቻ ያዙ። ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል።

ነጠብጣብ ያላቸውን ጥንዚዛዎችም ተዉ። የአንዳንዶቹ እጭ ነጭ ጥጥ የለበሰ ስለሆነ ሚሊባግ መስሎ ይገደላል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ እጩ ከሚሊባግ ይልቅ ትልቅም ፈጣንም ነው።

አቧራ ደግሞ እነዚህን ረዳቶች ያዳክማል። መንገድ እየተሠራበት ያለ ሰፈር ውስጥ ያለ አጥር ላይ ስኬል የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ሐረጉን በውኃ ማጠብ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ሲብስ

ግማሹ ደርቆ፣ ግንዱ በሙሉ ቅርፊት ሆኖ ከሆነ ከመርጨት መቁረጥ ይቀላል። አይቪ፣ ጃስሚንና ቡገንቪሊያ ከመሬት ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ብትቆርጧቸው፣ ሥራቸው ጤነኛ ከሆነ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ጉቶውን ፈግፍጉ፣ ዘይት ርጩ፣ አዲሱን ቀንበጥ በየሳምንቱ ተከታተሉ። ፓሽን ፍሩት ግን ይህን አይወድም፤ ከአሮጌ ግንዱ በቀላሉ አያቆጠቁጥም። ዕድሜውም ረጅም ስላልሆነ ጥቂት ዓመት አፍርቶ የተዳከመውን ነቅሎ ሌላ ቦታ አዲስ መትከል ይሻላል።

አዲሱን ችግኝ ከመንገድ ዳር ሻጭ ስትገዙ ቅጠሉን ገልብጡ፣ የግንዱን ሥር በጥፍር ነካ ነካ አድርጉ። ሻጩ ቢያኮርፍም ችግር የለም። ቤት ከደረሰ በኋላም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩት፤ የተገለበጠውን ፕላስተር ወጥመድ አንዱ ቀንበጡ ላይ ጠቅልሉለት፤ ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከከረመ ወደ አጥሩ ውሰዱት።